አዲስ የታደሰ መታጠቢያ ቤት ሲሸት፦ ሴራሚክ ከመስበራችሁ በፊት

አክስቴ ለፋሲካ ከአሰላ መጣች። አዲሱን መታጠቢያ ቤት ላሳያት ቸኩዬ ነበር። ግድግዳው እስከ ኮርኒስ ሴራሚክ፣ ወለሉ ግራጫ፣ መስታወቱ መብራት ያለው። ገባች፤ ወዲያው ወጣች። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ እንዳደረገች "ሲያምር ልጄ! እንኳን ደስ ያለህ" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ግን አይጥ ሞቶባችኋል እንዴ?" አለች።

አይጥ አልሞተብንም። የፍሳሽ ሽታ ነው። እኛ ለምደነው ነበር፤ እንግዳ አፍንጫ ግን አይሸወድም።

ሴራሚክ ሠራተኛው ጋ ደወልኩ። "ጋሼ፣ አዲስ ስለሆነ ነው፤ በሳምንት ይለቃል" አለኝ። ሳምንት አለፈ፤ አልለቀቀም። ሌላ ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ገብቶ አንዴ አሸተተና "ወለሉ መነሳት አለበት" ብሎ መሮውን ፈለገ። "ቆይ እስቲ" አልኩት። ያቺ "ቆይ እስቲ" ብዙ ብር አዳነችኝ። በኋላ ራሴ ስፈልገው ሽታው ከሁለት ቦታ ነበር የሚመጣው። ሁለቱም አንድ ሴራሚክ ሳይሰበር ተስተካከሉ። ጠቅላላ ወጪው የአንድ ካርቶን ሴራሚክ ዋጋ አልሞላም።

ከዚያ ወዲህ እዚሁ አዳማ የጎረቤትና የዘመድ ቤት ሳሸትት ከረምኩ። ያየሁትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ። ቅደም ተከተሉ ከርካሹ ወደ ውዱ ነው። አትዝለሉት።

ሽታው እንዴት ይገባል?

እያንዳንዱ የፍሳሽ መውረጃ ውስጡ ውሃ የሚያቁር መታጠፊያ ሊኖረው ይገባል። ከእጅ መታጠቢያው ሥር የምታዩት የታጠፈ ቱቦ፣ ማለትም ሲፎኑ፣ ሥራው እሱ ነው። የሽንት ቤት መቀመጫው ደግሞ መታጠፊያው እዚያው ሸክላው ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል። እዚያ የቀረው ውሃ እንደ ቡሽ ነው። ፍሳሽ ያሳልፋል፤ ከሴፕቲክ ታንኩ፣ ማለትም ፍሳሹ ከሚጠራቀምበት ጉድጓድ፣ የሚመጣውን ጋዝ ግን ያግዳል። ደህና ተደርጎ የተሠራ ሲፎን ውስጥ የውሃው ጥልቀት 5 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ነው።

ስለዚህ ጋዙ ቤት የሚገባው በአብዛኛው በሁለት መንገድ ነው። ወይ ውሃው የለም፤ ወይ ደግሞ ውሃው አለ፣ ግን ጋዙ በጎኑ የሚያልፍበት ክፍተት አለ። ሙሉ ፍለጋው ይኸው ነው።

እድሳት ሁለቱንም ያመጣል። ወለሉ ከፍ ይላል፤ ቱቦው ይቀየራል፤ መቀመጫው ተነስቶ ይመለሳል። ሴራሚክ የሚያነጥፈው ልጅ እጁ ወርቅ ሊሆን ይችላል፤ ቧንቧ ግን የእሱ ሙያ አይደለም። ብዙ ጊዜ "በዚያው ግጠመው" ተብሎ እሱው ይገጥመዋል። የእኔም ቤት እንደዚያ ነበር። ልጁን የገፋፋሁት እኔው ነኝ።

የአዳማ አየር ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ከተማችን ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለችው። ሙቀቱንና ደረቁን ንፋስ ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ብዙ የሚቆይ የሲፎን ውሃ እዚህ ቶሎ ይተናል። ውሃ በጠፋ ሰሞን ደግሞ መውረጃው ውስጥ አዲስ ውሃ የሚጨምር የለም።

ከመጀመራችሁ በፊት አደጋው

የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። ቤት ውስጥ ሽው የሚለው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢያመጣ ነው። ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ያለው ግን ይገድላል። መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ "ሽታው ጠፋ" ያላችሁበት ሰዓት ዋናው የአደጋ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የታንኩን ክዳን ከፍታችሁ አንገታችሁን አታስገቡ። የወደቀ ነገር ለማውጣትም አትግቡ፤ ሰውም አታስገቡ። እዚያ ሚቴንም ስላለ ክብሪት፣ ሲጋራ፣ ሻማ ማቅረብ ክልክል ነው።

ሁለተኛው የቤታችን ልማድ ነው። ሲሸት በረኪና እንደፋለን። አልጠፋ ሲለን አሲድ እንጨምራለን። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። ሁለቱን በአንድ ቀን አንድ መውረጃ ውስጥ አትጨምሩ። ደግሞም ሽታው ከክፍተት የሚመጣ ከሆነ ምንም ዓይነት መድኃኒት አያጠፋውም።

መጀመሪያ የፍሳሽ ሽታ መሆኑን አረጋግጡ

አዲስ ቤት ብዙ ነገር ይሸታል። አንዳንዱ ሲሊኮን እስኪደርቅ ኮምጣጤ ይሸታል፤ በጥቂት ቀን ይጠፋል። ቀለምና ማጣበቂያም ያው ነው። እርጥብ ምድር ቤት የሚመስል የሻገተ ሽታ ከሆነ ከሴራሚኩ ጀርባ ውሃ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

እንቁላል የሚሸተው ሙቅ ውሃ ስትከፍቱ ብቻ ከሆነ የውሃ ማሞቂያውን ጠርጥሩ። ሙቅ ውሃ በብርጭቆ ቀድታችሁ በረንዳ ላይ አሽትቱት። እዚያም ከሸተተ ጥፋቱ ማሞቂያው ውስጥ ነው፤ ቱቦውን ተዉት።

ቀጥሎ ሦስት ቀን ማስታወሻ ያዙ። ስልካችሁ ላይ ይበቃል። መቼ ሸተተ? ጠዋት በሩ ሲከፈት? ሽንት ቤት ውሃ ሲለቀቅ? ቀትር ላይ? ንፋስ ሲነሳ? አብዛኛው ሰው ይህን ይንቀዋል። እኔ ግን ግማሹን መልስ ያገኘሁት እዚህ ነው። ሌሊት ተዘግቶ አድሮ ጠዋት የሚያፍን ከሆነ ቀስ ብሎ የሚገባ ጋዝ አለ፤ የደረቀ ሲፎን ወይም ክፍተት ነው። ውሃ በተለቀቀ ቁጥር የሚመጣ ከሆነ የመቀመጫው ሥር ወይም ጣራ ላይ የሚወጣው የአየር ማስወጫ ቱቦ ነው። በንፋስ ቀን ብቻ ከሆነ ጣራውን እዩ።

አሽታቹ ደግሞ እናንተ አትሁኑ። አፍንጫ ይለምዳል። ከውጭ የገባ ሰው፣ ቢቻል ሲጋራ የማያጨስ፣ ጥሩ። የእኛ ቤት አሽታች የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ በከረሜላ ተስማማን።

አንድ አንድ ጆግ ውሃ

ሁሉም መውረጃ ላይ ውሃ ጨምሩ። የእጅ መታጠቢያው፣ ሻወሩ፣ ወለሉ ላይ ያለው፣ ለልብስ ማጠቢያ ማሽን የተተወው፣ በር ጥግ የተረሳው ሁሉ። አንድ አንድ ጆግ ይበቃል። መስኮት ከፍታችሁ አየሩን ቀይሩ፤ ከዚያ ዝጉና ሁለት ሰዓት ጠብቁ።

ሽታው ከጠፋ የደረቀ ሲፎን ነበረ ማለት ነው። አሁን ቀኑን ጻፉ። በስንት ቀን ተመልሶ ይመጣል? በወር ከሆነ ችግር የለም፤ በየሁለት ሳምንቱ ውሃ ማፍሰስ ነው። በሁለትና በሦስት ቀን ከተመለሰ ግን ውሃው በትነት ብቻ አይደለም የሚሄደው። ወይ ያፈሳል፣ ወይ የሆነ ነገር ይስበዋል፣ ወይ ከመጀመሪያውም የሚይዘው ውሃ ትንሽ ነው።

ለእንግዳ ክፍል መታጠቢያ፣ ማንም ለማይጠቀምበት፣ ውሃውን ከጨመራችሁ በኋላ ሁለት ሦስት ማንኪያ ቤቢ ኦይል ጠብ አድርጉበት። ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ትነቱን ያዘገየዋል። የምግብ ዘይትም ለጊዜው ይሠራል፤ ሲቆይ ግን ራሱ ይሸታል።

የፌስታል ምርመራ

ውሃ ጨምራችሁም ከሸተተ የትኛው መውረጃ እንደሆነ መለየት አለባችሁ። ፌስታልና ሰፊ ፕላስተር አምጡ። ዙሪያውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ እርጥብ ላይ ፕላስተር አይዝም። ሁሉንም መውረጃ አሽጉ። የእጅ መታጠቢያው ከላይ አፉ ሥር ያለችውን የትርፍ ውሃ ቀዳዳም አትርሱ። የሽንት ቤቱን ክዳን ዘግታችሁ በፌስታል ጠቅልሉት። በሩን ዝጉና አንድ ሌሊት ተዉት።

ጠዋት አሽታቹን አስገቡ። ምንም ካልሸተተ አንዱ አፍ ነው ጥፋተኛው፤ በየቀኑ አንድ አንድ እየከፈታችሁ ድገሙት። ሁሉም ታሽጎ እያለ ከሸተተ ግን ጋዙ በመውረጃ አፍ አይደለም የሚመጣው። የመቀመጫው ሥር፣ ግድግዳ ውስጥ የገባው ቱቦ ዙሪያ፣ ወይም ከውጭ በመስኮት ነው።

አንዳንድ ሰው ሰንደል አብርቶ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ያያል። መውረጃ አፍ ላይ እሳት አልወድም። ሶፍት በቀጭኑ ቅደዱና በጣታችሁ ጫፍ ክፍተቱ አጠገብ ያዙት። አየር ካለ ይንቀጠቀጣል። አየር ማውጫ ፋን ካላችሁ በሩንና መስኮቱን ዘግታችሁ አብሩት። ፋኑ አየር ከየትም መሳብ ስላለበት ደካማውን ቦታ ያጋልጥላችኋል። ሽታው ፋን ሲበራ የሚብሰው ለዚህ ነው፤ ፋኑ አልተበላሸም። ከበሩ ሥር አንድ ጣት ያህል ክፍተት መተው ይረዳል።

ወለሉ ላይ ያለው መውረጃ

አብዛኛው ነገር እዚህ ነው። ሠራተኞች ፍሎር ድሬን ይሉታል።

ሽፋኑን በቢላ ጫፍ አንሱት። ከሥሩ የተገለበጠ ሲኒ የሚመስል ነገር ማየት አለባችሁ። ሲኒው የቱቦውን አፍ ይከድናል፤ ጠርዙ ውሃ ውስጥ ይጠልቃል። ሽታውን የሚያቆመው እሱ ነው። የስልካችሁን ባትሪ አብሩና ወደ ታች እዩ። ውሃ ካለ ያብረቀርቃል። ካላብረቀረቀና ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ከታያችሁ ሴፕቲክ ታንኩን በቀጥታ እያያችሁት ነው።

እኔ ሽፋኑን ሳነሳ ሲኒው አልነበረም። ጥቁር ጉድጓድ፤ ከሥሩ ሞቅ ያለ አየር ፊቴን መታኝ። ሲኒውን የት እንዳገኘሁት ታውቃላችሁ? መስኮቱ ደፍ ላይ፣ የደረቀ ነጭ ሲሚንቶ ተለጥፎበት፣ ከተረሳ ስፖንጅ አጠገብ። ባለቤቴ የቡና ዕቃ መስሏት አንስታ አልጣለችውም። ሠራተኛው ወለሉን ሲያጥብ ውሃው እንዲፈጥንለት አውጥቶት ነው የሄደው። አጥቤ መለስኩት። በዚያው ቀን ከሽታው አራት እጅ ሦስቱ ጠፋ።

ሲኒው ካለ ደግሞ ስንጥር አስገብታችሁ ውሃው ስንት እንደሆነ ለኩ። ርካሽ ፍሎር ድሬኖች የሚይዙት ከ2 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። በአዳማ ሙቀት ያ የቀናት ዕድሜ ነው ያለው። እድሳት ላይ ከሆናችሁና ወለሉ ገና ካልተነጠፈ፣ ከሥሩ የታጠፈ ትክክለኛ ሲፎን አስቀብሩ፤ ሲኒው ላይ ብቻ አትተማመኑ። ወለሉ ካለቀ ውስጡ የሚገባ የጎማ ምላስ ያለው መክደኛ አለ፤ ውሃ ሲመጣ ይከፈታል፣ ሲያልፍ ይዘጋል። ፀጉርና አሸዋ ምላሱ ላይ ከተያዘ ግን ክፍት ይቀራል፤ በወር አንዴ እጠቡት።

አንድ ሌላ ነገር። የፍሎር ድሬኑ ክፈፍና የቱቦው አፍ መገጣጠማቸውን እዩ። ሴራሚክ በሴራሚክ ላይ ሲነጠፍ ወለሉ ከፍ ይላል፤ የድሮው ቱቦ ግን ታች ይቀራል። መሃል ላይ ሲሚንቶ ብቻ የያዘ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ውሃው እዚያ ይሰርጋል፤ ጋዙም በዚያ ይወጣል። ጣታችሁን በጓንት አስገብታችሁ ዙሪያውን ዳስሱ። ሻካራ ሲሚንቶ ከነካችሁ ቱቦው አልደረሰም። ልኩን የጠበቀ አጭር የፒቪሲ ቁራጭ በኮላ ማስረዘም ነው መፍትሔው። ቱቦው ብዙ ጊዜ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ለኩ።

የእጅ መታጠቢያው ሥር

ተንበርከኩ። ከሲፎኑ የሚመጣው ቱቦ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ ክብ የብረት ወይም የፕላስቲክ ጌጥ አለ። ወደ ኋላ ጎትቱት። አብዛኛው ቤት ከጌጡ ጀርባ ምን አለ መሰላችሁ? ቀጭን ቱቦ ወፍራም ቱቦ ውስጥ እንዲሁ ተሰክቶ። ዙሪያውን ክፍት። ሲፎኑ ሙሉ ውሃ ቢይዝም ጋዙ በዚያ ዙሪያ ፉት ብሎ ይወጣል። ቁምሳጥን ያለው ዓይነት ከሆነ በሩን ስትከፍቱ ነው የሚሸታችሁ።

ለዚህ የሚሆን የጎማ ቀለበት ሱቅ አለ። የሁለቱን ቱቦ ስፋት ለክታችሁ ወይም ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ። ቀለበቱን ሳሙና ቀብታችሁ ግፉት። ሲሊኮን ብቻውን መቀባት ለጊዜው ይሠራል፤ ቱቦው ሲነቃነቅ ይለቃል።

የሚታጠፈውን ቆርቆሮ መሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ከገጠሙላችሁ ቅርጹን እዩ። ወርዶ፣ ተመልሶ ወጥቶ፣ ከዚያ ግድግዳ መግባት አለበት። ተስቦ ቀጥ ካለ ምንም ውሃ አይዝም። በእጃችሁ አጥፋችሁ በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩት፤ ነፃ ጥገና ነው።

ቱቦው ግድግዳ ሳይሆን ወለል የሚገባ ከሆነ ደግሞ ሲፎኑ የራሱን ውሃ ሊመጥ ይችላል። መታጠቢያውን እስከ አፉ ሙሉና በአንዴ ልቀቁት። መጨረሻ ላይ ጠንከር ያለ የመምጠጥ ድምፅ ከሰማችሁ የሲፎኑ ውሃ ተስቦ ሄዷል። ሲፎኑን ፈታችሁ የቀረውን አረጋግጡ፤ ባልዲ ከሥሩ አድርጉ። ያቺን የትርፍ ውሃ ቀዳዳም በአሮጌ ጥርስ ብሩሽና በፈላ ሳይሆን በሞቀ የሳሙና ውሃ እሹ። እዚያ የሚጠራቀመው ዝቃጭ ብቻውን ይሸታል።

የሽንት ቤቱ መቀመጫ

የእኔ ሁለተኛው ጥፋት እዚህ ነበር።

መጀመሪያ በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ግፉት። ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ተከፍቷል። ቡሎኑን ማጥበቅ ይረዳል፤ ግን እየመጠናችሁ፤ ሸክላው ይሰነጠቃል።

ካልተነቃነቀ የቀይ ስር ምርመራ አድርጉ። ሁለት ቀይ ስር ቀቅሉ። ለምሳ ብሉት፤ ውሃውን አስቀሩ። የመቀመጫውን ሥር ዙሪያ በሶፍት አጥሩት። ቀዩን ውሃ መቀመጫው ውስጥ ደፍታችሁ ውሃ ልቀቁ። ሦስት አራት ጊዜ ድገሙ። ሶፍቱ ጠርዙ ላይ ቀይ ካለ ፍሳሽ ከሥር ይወጣል ማለት ነው። ነጭ ሲሚንቶው ላይ ካፈሰሳችሁት ቶሎ ጥረጉት፤ እኔ ቤት እስካሁን አንድ ሐምራዊ ምልክት አለ።

ሶፍቱ ነጭ ቢቀርም ነፃ ነው ማለት አይደለም። ጋዝ ውሃ በማይወጣበት ይወጣል። የመቀመጫውን ሥር ዙሪያ በሰፊ ፕላስተር አሽጋችሁ አንድ ቀን አሳድሩ። ሽታው ከጠፋ አገኛችሁት።

ማንሳት ካለባችሁ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የውሃ መዝጊያውን ዝጉ፤ ሳጥኑን ባዶ አድርጉ፤ የቀረውን በስፖንጅ ቅዱ። የሲሊኮኑን ዙሪያ በቢላ ቁረጡ፤ ቡሎኑን ፍቱ፤ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። የቱቦውን አፍ ወዲያው በፌስታል በተጠቀለለ ጨርቅ ድፈኑት፤ ጋዙም አይወጣም፣ መፍቻም አይወድቅም።

አሁን የቱቦውን አፍ ከወለሉ ጋር አስተያዩ። ባለ 110 ሚሊ ሜትሩ ቱቦ ከሴራሚኩ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። የእኔ ሦስት ጣት ያህል ታች ነበር። አዲሱ ወለል ከፍ ሲል ማንም ቱቦውን አላስረዘመውም። ከሥሩ ሲሚንቶ ሞልተው፣ ከላይ ሲሊኮን ቀብተው፣ መቀመጫውን አስቀምጠው ሄደዋል። ሲያዩት ንጹሕ ነው። አንድ ማስረዘሚያ ቁራጭና አንድ የጎማ ማገናኛ ገዛሁ፤ ያኛው ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ገጠመው። መሮውን ይዞ ነበር የመጣው፣ ለማንኛውም።

መቀመጫው በጀርባው ወደ ግድግዳ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ ማንሳት ላያስፈልግ ይችላል። ከኋላው ያለው የጎማ ማገናኛ ተጣሞ ወይም በግማሽ ገብቶ እንደሆነ በመስታወትና በባትሪ እዩ።

ስትመልሱት ሲሊኮኑን ዙሪያውን ቀቡ፤ ከኋላ በኩል ግን ሁለት ጣት ያህል ክፍት ተዉ። አንድ ቀን ቢያፈስ በዚያ ይታያችኋል፤ ካልሆነ ሴራሚክ ሥር ይደበቃል። እስከ ማግስቱ አትጠቀሙበት።

ጣራውና ንፋሱ

ውሃ ሲለቀቅ ቱቦው ውስጥ አየር ይገፋል፣ ይሳባልም። ያንን የሚያስታግሰው ጣራ ላይ የሚወጣው የአየር ማስወጫ ቱቦ ነው። እሱ ከሌለ የሚለቀቀው ውሃ አጠገቡ ያለውን ሲፎን ውሃ እየመጠጠ ይወስዳል።

ምርመራው ቀላል ነው። አንድ ሰው ሽንት ቤቱን ይልቀቅ፤ እናንተ ፍሎር ድሬኑን እዩ። ውሃው ወረድ ካለ፣ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ወይም ጉርጉር የሚል ድምፅ ካወጣ አየር አጥሯል። ከመልቀቃችሁ በፊትና በኋላ በስንጥር ለኩት። ውሃው ሁሉም ጋ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ግን አየር ሳይሆን ቱቦው ተዘግቷል፤ ከእድሳት በኋላ ብዙ ጊዜ ሠራተኞች ያጠቡት ሲሚንቶ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ከላይ ያለውን ጎረቤት ውሃ እንዲለቅላችሁ ጠይቁ፤ ዋናው ቱቦ የጋራ ስለሆነ የእሱ ውሃ የእናንተን ሊስብ ይችላል።

ማስወጫው ከእድሳቱ በፊት ነበረ? በስልካችሁ ያለውን የድሮ ፎቶ ፈልጉ። ኮርኒስ ሲቀየር ተቆርጦ ኮርኒሱ ውስጥ የቀረ አይቻለሁ፤ ጋዙ በመብራት ቀዳዳ ወደ ክፍሉ ይወርድ ነበር። ጣራ ላይ ደግሞ በፌስታል ወይም በወፍ ጎጆ የተደፈነ ይኖራል። ጣራ መውጣት የማትለምዱ ከሆነ ሰው አውጡ።

ንፋስን በተመለከተ አዳማ ላይ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ከከተማው ዳር የቆሙት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ያን የሚያሽከረክር ንፋስ የማስወጫ ቱቦ አፍ ላይ ሲያልፍ ሲፎን ውስጥ ያለውን ውሃ ማወዛወዙ አይገርምም። ማስወጫው ከመስኮት ሥር ወይም አጠገብ የሚያበቃ ከሆነ ደግሞ ጋዙን መልሶ ወደ ቤት ይጨምረዋል። ከጣራው በላይ አስረዝሙት፤ ከመስኮት አርቁት።

ግቢው

ሽታው ግቢ ውስጥ ይበልጥ ከተሰማችሁ የታንኩን ክዳን እዩ። የተሰነጠቀ ወይም በአንድ ጎን የተቀመጠ ክዳን ማታ፣ ንፋሱ ሲረጋ፣ ሽታውን መስኮት ድረስ ያመጣል። ጠርዙን በቀጭን ሲሚንቶ ማሸግ ይበቃል፤ መክፈቻ እንዲኖረው አስቡ። ታንኩ ከሞላ መምጠጫ መኪና መጥራት ነው። እድሳት ላይ የተቀየረ የግቢ ማንሆል ካለም ክዳኑ በደንብ መግጠሙን እዩ።

መቼ ይሰበር?

ሁሉንም አድርጋችሁ ሽታው ከግድግዳ ወይም ከወለል መጋጠሚያ ከመጣ ያኔ መሮ ይመጣል። ግን የት እንደሚሰበር ታውቃላችሁ፤ ስድስት ሴራሚክ ሳይሆን አንድ ወይም ሁለት ነው። ትርፍ ሴራሚክ ካላችሁ አትስጡ፤ ያው ቀለም ከሌላ ጊዜ ምርት አይመሳሰልም።

ገና እያሳደሳችሁ ከሆነ ደግሞ ቱቦው በሲሚንቶ ከመሸፈኑ በፊት ይህን ጠይቁ። የታችኛው አፍ ይደፈን፤ ቱቦው እስከ ላይ ውሃ ይሞላ፤ የውሃው ደረጃ ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግ። ይደር። ጠዋት ውሃው ከምልክቱ ከወረደ መገጣጠሚያው ያፈሳል። ሠራተኛው "አያስፈልግም ጋሼ" ይላችኋል። ሻይ አፍሉለት፤ ይሙላው። ስትጨርሱ ሜትር ዘርግታችሁ ከግድግዳው ጥግ እስከ እያንዳንዱ ቱቦ ያለውን ርቀት ፎቶ አንሱ። የፍሎር ድሬኑን ሲኒ ደግሞ ቦታው ላይ መሆኑን በገዛ ጣታችሁ ዳስሳችሁ ነው የመጨረሻውን ክፍያ የምትከፍሉት።